ሳይቃጠል በቅጠል፦ የደን አያያዝ፣ የሰደድ እሳትና የመንግሥት በጀት

መግቢያ

«ሳይቃጠል በቅጠል» የሚለው የአባቶቻችን ብሂል አብዛኛውን ጊዜ የሚነገረው ጠብን፣ በሽታን ወይም ዕዳን በጊዜው ስለ ማብረድ ነው። ቃሉን በጥሬው ብንወስደው ግን፣ ዛሬ ታላላቅ መንግሥታት መፍትሔ ያጡለትን አንድ የበጀት ጥያቄ በሁለት ቃላት ጠቅልሎ እናገኘዋለን። ገና የተጫረ እሳት ከአጠገብ በተቆረጠ ቅጠል ተመትቶ ይጠፋል፤ ጊዜው ካለፈ በኋላ ግን አውሮፕላንም ሠራዊትም አይመልሰውም። ይህን የማያውቅ የለም። አስቸጋሪው ጥያቄ፣ ሁሉም የሚያውቀው ነገር የመንግሥት ገንዘብ በሚደለደልበት ጠረጴዛ ላይ ስለምን ይዘነጋል የሚለው ነው።

በዚህ ጽሑፍ ጥያቄውን የምንመረምረው በዩናይትድ ስቴትስ ልምድ አማካይነት ነው። ለዚህም ሁለት ምክንያቶች አሉን። አንደኛ፣ የአገሪቱ የደንና የእሳት በጀት ታሪክ ከመቶ ዓመት በላይ በግልጽ የተመዘገበ በመሆኑ ምክንያትንና ውጤትን ለማገናዘብ ያመቻል። ሁለተኛ፣ ጉዳዩ ከእኛም የራቀ አይደለም። በጥር ወር 2025 ሎስ አንጀለስን ያጠቃው እሳት ከ16,000 በላይ ቤቶችንና ሌሎች ሕንፃዎችን ሲያወድምና ከ30 ያላነሱ ሰዎችን ሲገድል፣ በፌርፋክስ ጎዳና የሚገኘው «ሊትል ኢትዮጵያ» የሚባለው ሰፈር በስተምዕራብም በስተሰሜን ምሥራቅም በሚነዱ ሁለት እሳቶች መካከል ነበር። ከዚህም አልፎ፣ በመጨረሻው ክፍል እንደምናመለክተው፣ አሜሪካ በብዙ ቢሊዮን ዶላር የተማረችው ትምህርት ለባሌና ለስሜን ተራሮች የሚጠቅም ነው። በጽሑፉ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ እንዲያስተውል እንጠይቃለን።

1. እሳትን ፈጽሞ የመከልከል ፖሊሲ

የምዕራብ አሜሪካ ደን ከጥንት ጀምሮ ከእሳት ጋር የኖረ ደን ነው። በተለይ ፖንዴሮሳ የተባለው የጥድ ዓይነት በሚበቅልባቸው ደረቅ ተራሮች፣ መብረቅ ወይም የሰው እጅ የሚያስነሣው ዝቅተኛ እሳት በየጥቂት ዓመቱ እየተመላለሰ ሣሩን፣ የረገፈውን ቅጠልና ቀጫጭኑን ችግኝ ይበላ ነበር። ቅርፊተ ወፍራሙ ትልቅ ዛፍ ግን እምብዛም ሳይጎዳ ይቀራል። ይህ ግምት አይደለም፤ የእሳቱ ጠባሳ በዛፎቹ የዕድሜ ቀለበት ላይ ስለሚቀር፣ ጠበብት ጠባሳውን ቆጥረው የእያንዳንዱን ቃጠሎ ዓመት ለይተው ያውቃሉ።

ነባሮቹ ሕዝቦችም እሳትን እንደ እርሻ መሣሪያ ይገለገሉበት ነበር። በሰሜን ካሊፎርኒያ በክላማዝ ወንዝ ዳር የሚኖሩት የካሩክና የዩሮክ ሕዝቦች፣ ለቅርጫት ሥራ የሚሆን ቀጭን እንጨት እንዲያቆጠቁጥላቸውና ለምግብ የሚሆነው የባሉጥ ፍሬ እንዲሰበሰብላቸው ሲሉ ጊዜና ቦታ መርጠው ያቃጥሉ ነበር። ይሁን እንጂ የካሊፎርኒያ መንግሥት ገና በ1850 ባወጣው ሕግ ሜዳ ላይ እሳት መለኰስን የሚያስቀጣ ጥፋት አደረገው። ስለ እሳት ከሁሉ የበለጠ የሚያውቀው ወገን በሕግ ፊት ወንጀለኛ ሆነ ማለት ነው።

የፌዴራሉ የደን አገልግሎት መሥሪያ ቤት የተቋቋመው በ1905 ነው። በነሐሴ ወር 1910 በአይዳሆ፣ በሞንታናና በዋሽንግተን ግዛቶች የተነሣው ታላቅ እሳት በሁለት ቀን ውስጥ 3 ሚሊዮን ኤከር ያህል (ከ1.2 ሚሊዮን ሄክታር በላይ) ደን ሲያጠፋና 78 እሳት አጥፊዎችን ሲገድል፣ በወጣቱ መሥሪያ ቤት አእምሮ ውስጥ የማይሽር ፍርሃት ተከለ። ከዚያ በኋላ እሳት ሁሉ ጠላት ነው የሚለው እምነት የመሥሪያ ቤቱ ቀኖና ሆነ። በ1935 የወጣው መመሪያ፣ የታየ እሳት ሁሉ በማግሥቱ ከረፋዱ 4 ሰዓት በፊት በቁጥጥር ሥር እንዲውል እስከ ማዘዝ ደረሰ።

መመሪያው ለጊዜው የተሳካ መሰለ። ነገር ግን በየዓመቱ የተከለከለው እሳት የሚበላውን ሳያገኝ በቀረ ቁጥር፣ በዛፎቹ ሥር ደረቅ ቅጠል፣ የወደቀ ግንድና የተጨናነቀ ችግኝ ተከማቸ። ቀድሞ መሬት ለመሬት ይሄድ የነበረው እሳት በዚህ ክምችት እንደ መሰላል እየተረማመደ ወደ ዛፎቹ ጫፍ መውጣት ጀመረ። የአየር ጠባዩ መሞቅና የድርቁ መደጋገም ሲጨመርበትም አደጋው በብዙ እጥፍ ተባዛ። ስሕተቱን ያዩ ጠበብት ከ1940ዎቹ ጀምሮ ቢያስጠነቅቁም፣ የብሔራዊ ፓርኮች መሥሪያ ቤት ፖሊሲውን የለወጠው በ1968፣ የደን አገልግሎቱ ደግሞ የ1935ቱን መመሪያ ፈጽሞ የተወው በ1978 ነበር።

2. ሁለት ኪስ፣ ሁለት ሕግ

ይህን ታሪክ ብዙ ጸሐፊዎች የሳይንስ ስሕተት አድርገው ያቀርቡታል። እኛ ግን ከሳይንሱ ይልቅ ወደ ገንዘቡ ማየት ይበጃል እንላለን። የአሜሪካ ኮንግረስ በ1908 ባወጣው ሕግ የደን አገልግሎቱ እሳት በተነሣ ጊዜ ከተመደበለት በላይ እንዲያወጣና ጉድለቱ ኋላ እንዲሸፈንለት ፈቀደ። ይህ አሠራር የቀረው በ1978 ነው። በመካከሉ ባሉት ሰባ ዓመታት ውስጥ ለማጥፋት የሚሆን ገንዘብ ወሰን አልነበረውም። በአንጻሩ ደንን ለማሳሳት፣ ደረቁን ለማስወገድ፣ ጊዜ ተመርጦና ታቅዶ ለሚደረግ ቃጠሎ የሚሆነው ገንዘብ በየዓመቱ ተለምኖ፣ ተከራክሮና ተቈንጥሮ የሚገኝ ነበር።

እንግዲህ አንድ ባለሥልጣን ሁለት ኪስ ቢሰጠውና አንደኛው ኪስ ወለል የሌለው፣ ሁለተኛው ደግሞ ጠባብ ቢሆን፣ ሥራውን ከየትኛው ኪስ ጋር እንደሚያስማማ መገመት አያዳግትም። ሰውየው ክፉ ወይም አላዋቂ መሆን አያስፈልገውም፤ የበጀቱ አሠራር ራሱ ይመራዋል። ፖለቲከኛውም ቢሆን ከዚሁ አያመልጥም። እሳት ሲነድ ጭሱ ይታያል፣ አውሮፕላኑ ይታያል፣ ሹሙ ከእሳት አጥፊዎች ጋር ቆሞ ፎቶግራፍ ይነሣል። ሳይነድ የቀረው እሳት ግን አይታይም፤ ያልተቃጠለውን መንደር መርቆ የሚከፍት የለም።

የ1978ቱ ለውጥ ችግሩን በቅርጹ እንጂ በመሠረቱ አልፈታውም። ወጪው ጣሪያ ስለ ተደረገበት፣ እሳቱ ከተመደበው ገንዘብ በላይ በሆነ ጊዜ መሥሪያ ቤቱ ከራሱ ሌሎች የሥራ ዘርፎች መበደር ጀመረ። አሠራሩን በምሳሌ ብናስረዳ፦ የበጋው ወቅት ሳያልቅ የማጥፊያው ገንዘብ ይሟጠጣል። ወዲያው ለደን ማሳሳት ከሥራ ተቋራጮች ጋር የተፈረመው ውል ይቆማል፤ የታቀደው ቃጠሎ ይተላለፋል፤ የምርምሩና የመንገድ ጥገናው ገንዘብ ወደ እሳቱ ይዞራል። ኮንግረስ ገንዘቡን ኋላ ቢተካ እንኳ፣ ሥራው የሚሠራበት ወቅት አልፏል፤ ተቋራጩም ሠራተኞቹን በትኗል። በሚቀጥለው ዓመት ያልተሠራው ደን ይነዳል፤ ብድሩም እንደገና ይጀመራል። ነገ እሳትን የሚቀንሰው ገንዘብ ዛሬ እሳት ለማጥፋት ይውላል ማለት ነው።

ቁጥሮቹ ይህንኑ ያረጋግጣሉ። የደን አገልግሎቱ በ2015 ባወጣው መግለጫ እንደገለጸው፣ እሳትን የሚመለከተው ወጪ በ1995 ከመሥሪያ ቤቱ ዓመታዊ በጀት 16 በመቶ ብቻ የነበረ ሲሆን፣ በ2015 ለመጀመሪያ ጊዜ ከ50 በመቶ በላይ ሆኗል። ከ1998 ወዲህ ባለው ጊዜም ከእሳት ውጭ ባለው ሥራ የተሰማራው ሠራተኛ ቁጥር በ39 በመቶ ቀንሷል። ደንን ለመንከባከብ የተቋቋመ መሥሪያ ቤት፣ ማንም ሳይወስን፣ ቀስ በቀስ የእሳት አደጋ መሥሪያ ቤት ሆነ።

3. ከ2018 ወዲህ የታየው ለውጥ

በ2017 የደን አገልግሎቱ ለማጥፋት ብቻ ከ2.4 ቢሊዮን ዶላር በላይ ካወጣ በኋላ፣ ኮንግረስ በመጋቢት 2018 የበጀቱን አሠራር አሻሻለ። በአዲሱ ደንብ መሠረት፣ ከ2020 እስከ 2027 ባለው ጊዜ የተለመደው የማጥፊያ ገንዘብ ባለቀ ጊዜ የሚነካ ልዩ መጠባበቂያ ተቋቋመ፤ መጠኑም ከ2.25 ቢሊዮን ዶላር ተነሥቶ በየዓመቱ እያደገ በመጨረሻው ዓመት 2.95 ቢሊዮን እንዲደርስ ተደረገ። የዚህ ደንብ ጥቅም እሳቱን ማብዛቱ ወይም ማሳነሱ ላይ አይደለም፤ የመከላከያው ገንዘብ በእሳቱ እንዳይበላ በሁለቱ መካከል አጥር ማበጀቱ ላይ ነው።

በዚያው ዓመት በኅዳር ወር በካሊፎርኒያ ፓራዳይዝ የተባለችው ከተማ ነደደች። 85 ሰዎች ሞቱ፤ ከ18,000 በላይ ሕንፃዎች ወደሙ። የግዛቲቱ ምክር ቤት ከዚህ አደጋ ጥቂት ወራት አስቀድሞ ለደን ጤንነትና ለእሳት መከላከያ በየዓመቱ 200 ሚሊዮን ዶላር ለአምስት ዓመት የሚመድብ ሕግ አውጥቶ ነበር። ገንዘቡ የሚገኘው ፋብሪካዎችና ነዳጅ አቅራቢዎች ለሚለቁት በካይ ጋዝ ፈቃድ ሲገዙ ከሚከፍሉት ዋጋ ነው። በ2020 ግዛቲቱና የፌዴራሉ የደን አገልግሎት በ2025 በጠቅላላው በዓመት አንድ ሚሊዮን ኤከር ለማከም ግብ አስቀመጡ። የጋራ ስምምነት ያስፈለገውም በካሊፎርኒያ ካለው ደን 57 በመቶ ያህሉ የፌዴራል፣ 40 በመቶ ያህሉ የግለሰቦችና የድርጅቶች፣ የግዛቲቱ ግን 3 በመቶ ብቻ በመሆኑ ነው። እሳት የርስት ድንበር አያውቅም፤ በጀት ግን ያውቃል።

የፌዴራሉ መንግሥትም በ2021 የመሠረተ ልማት ሕግና በ2022 የወጣው ሌላ ሕግ ከዚህ ቀደም ያልታየ ገንዘብ ለዚህ ሥራ መደበ። የሁለተኛው ሕግ ድርሻ ሕዝብ ከሚኖርበት አጠገብ ያለውን ደን ለማጽዳት ብቻ 1.8 ቢሊዮን ዶላር ነበር። በጥር 2022 የታወጀው የአሥር ዓመት ዕቅድ፣ ከተለመደው ሥራ በተጨማሪ በብሔራዊ ደኖች 20 ሚሊዮን፣ በሌሎች መሬቶች ደግሞ 30 ሚሊዮን ኤከር ለማከም ታለመ። በኅዳር 2024 የካሊፎርኒያ ሕዝብ በድምፅ ካጸደቀው የ10 ቢሊዮን ዶላር የአየር ንብረት ብድር ውስጥም 1.5 ቢሊዮኑ ለደንና ለእሳት መከላከያ የተመደበ ነው። ወጪው ትርፍ እንዳለው የተጠና ነገር ነው፤ በአሜሪካ የሕንፃ ሳይንስ ብሔራዊ ተቋም ጥናት መሠረት፣ የፌዴራሉ መንግሥት ለሰደድ እሳት መከላከያ የሚሰጠው አንድ ዶላር ድጎማ በአማካይ ሦስት ዶላር ያህል ጥፋት ያስቀራል።

4. ገንዘብ ብቻውን ስላለመብቃቱ

እስከዚህ ድረስ የተናገርነው፣ በጀቱ ከበዛ ነገሩ ያልቃል የሚል ትርጉም እንዳይሰጠው እንሰጋለን። ሦስት ማሳሰቢያዎች አሉን።

አንደኛ፣ መከላከል ራሱ አደጋ አለበት። በ2022 የጸደይ ወቅት በኒው ሜክሲኮ የደን አገልግሎቱ ራሱ ያቀዳቸው ሁለት ሥራዎች ከቁጥጥር ውጭ ሆነው እሳቶቹ ተገናኙና ከ341,000 ኤከር በላይ አቃጠሉ። አንደኛው የታቀደ ቃጠሎ ነበር፤ ሁለተኛው ክረምቱን ሙሉ ከአመድ ሥር ተዳፍኖ የከረመ የቅርንጫፍ ክምር ነበር። የመሥሪያ ቤቱ ኀላፊ በመላው አገሪቱ የታቀደ ቃጠሎን ለ90 ቀናት አገዱ፤ ኮንግረስም ለተጎጂዎች በመጀመሪያ 2.5 ቢሊዮን ዶላር ካሳ ፈቀደ፤ ኋላም ጨመረበት። በዚያ ቤታቸውን ካጡት ብዙዎቹ ከትውልድ ወደ ትውልድ በወረሱት መሬት ላይ የሚኖሩ ባለ አነስተኛ ገቢ የገጠር ሰዎች ነበሩ። ይሁንና መደምደሚያው ቃጠሎ ይቅር የሚል አይደለም። በቂና የሠለጠነ ሰው፣ ጥሩ የአየር ትንበያና እሳቱ ከጠፋ በኋላም የሚቆይ ጠባቂ ያስፈልጋል፤ ይህ ሁሉ ደግሞ ተመልሶ ገንዘብ ነው።

ሁለተኛ፣ እሳት ሁሉ አንድ አይደለም። የ2025ቱ የሎስ አንጀለስ እሳት የነደደው በጥድ ደን ሳይሆን በቁጥቋጦ ኮረብታዎች ላይ ነው፤ የነዳውም ኀይለኛ ነፋስ ነበር። እንዲህ ባለ ቦታ ዛፍ ማሳሳት ብዙ አይረዳም። የሚረዳው ፍም የማያስገባ ጣሪያና የአየር ቀዳዳ፣ ከቤቱ ዙሪያ የጸዳ ግቢ፣ የኤሌክትሪክ መስመር ቁጥጥርና ሰፊ የመውጫ መንገድ ነው። ስለዚህ «ለደን» ተብሎ የተመደበ ገንዘብ ሁሉ ሰውን ያድናል ማለት አይቻልም፤ ገንዘቡ ከቦታው ጋር መስማማት አለበት።

ሦስተኛ፣ ጥገና አንድ ጊዜ ተሠርቶ የሚያልቅ ሥራ አይደለም። የጸዳ ደን በአሥርና በአሥራ አምስት ዓመት ውስጥ መልሶ ይጨናነቃል። በመሆኑም በአንድ ዓመት የፈሰሰ ቢሊዮን፣ ቋሚ ሠራተኛና የማይቋረጥ መደብ ከሌለው፣ በአንድ ዝናብ እንደሚቀር ጎርፍ ነው። በ2025 መጀመሪያ ላይ የደን አገልግሎቱ በሺህ የሚቆጠሩ አዳዲስ ሠራተኞች በአንድ ጊዜ ተሰናበቱ፤ ኋላ ከመካከላቸው ብዙዎቹ እንዲመለሱ ቢታዘዝም፣ ድርጊቱ ለብዙ ዓመታት የተሠራ ዝግጅት በአንድ ሳምንት ሊናጋ እንደሚችል አሳይቷል።

5. ለአገራችን የሚሆን ትምህርት

በ2000 የመጀመሪያ ወራት፣ በድርቁ ጊዜ፣ በባሌና በቦረና የተነሣው እሳት ከመቶ ሺህ ሄክታር በላይ የተራራ ደን አጥቅቷል። ገበሬው፣ ተማሪውና ወታደሩ በቅጠልና በአካፋ ሲታገል ከሰነበተ በኋላ፣ ከጀርመን፣ ከደቡብ አፍሪቃና ከአሜሪካ ባለሙያዎች እንዲመጡ ሆነ። በመጨረሻም የሰው ጥረትና ዝናብ ተባብረው አጠፉት። ከ19 ዓመት በኋላ፣ በ2019፣ የስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ሲነድ፣ እንደገና ከእስራኤል እሳት አጥፊዎች፣ ከኬንያ ሄሊኮፕተር መጠየቅ ግድ ሆነ። ለረዱን ሁሉ ምስጋና ይገባቸዋል። ነገር ግን በሁለቱ እሳቶች መካከል ባለው ጊዜ ምን ተዘጋጀ ብሎ መጠየቅ የዜጋ ግዴታ ነው።

በባሌ ተራሮች ከፍታ ላይ አስታ የሚባለው ቁጥቋጦ ይበቅላል። እረኞች ለከብቶቻቸው ለምለም ግጦሽ ለማግኘት ሲሉ ይህን ቁጥቋጦ በየክፍሉ እያፈራረቁ ማቃጠል የቆየ ልማዳቸው ነው። በቦታው የተደረገ ጥናት እንዳመለከተው፣ በቅርብ ዓመታት የተቃጠለው ክፍል ለሚመጣው እሳት ራሱ ድንበር ይሆናል፤ አሮጌውና የተከማቸው ግን በቀላሉ ይነዳል። ሕጉ ግን ቃጠሎን በደፈናው ይከለክላል። ክልከላው የሚያስከትለው አደጋ፣ እረኛው በግልጽና በምክክር ያቃጥል የነበረውን በድብቅ፣ ለኩሶም በመሸሽ እንዲያደርገው መግፋቱ ነው። በ1850 በካሩክና በዩሮክ ሕዝቦች ላይ የተፈጸመው ስሕተት፣ በሌላ ዘመንና በሌላ ተራራ ሲደገም እናያለን። ልቅ ቃጠሎ ይፈቀድ አንልም፤ እውቀቱ ያለው ሰው ከወንጀለኛ መዝገብ ወጥቶ ከአማካሪ ወንበር ይቀመጥ እንላለን።

ይህም በተግባር ሊሠራ እንደሚችል የአዳባና የዶዶላ ደን ልምድ ይመሰክራል። እዚያ ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በጀርመን የቴክኒክ ትብብር ድጋፍ፣ በደኑ ውስጥ የሚኖሩ ሰዎች በማኅበር ተደራጅተው ከመንግሥት ጋር ውል ገቡ፤ በደኑ የመጠቀም መብት ሲያገኙ፣ የደኑን ሽፋን የመጠበቅ ግዴታ ወሰዱ። ደኑ የእነርሱ ከሆነ እሳቱን መጀመሪያ የሚያዩትም፣ በቅጠል የሚመቱትም እነርሱ ናቸው።

የበጀቱን ነገር በተመለከተ ግን የአሜሪካው በሽታ በእኛም ዘንድ እንዳለ አንሰውርም። መንግሥት በሐምሌ 2019 በአንድ ቀን ከ353 ሚሊዮን በላይ ችግኝ መተከሉን አስታውቋል። መትከል መልካም ነው፤ ይታያል፣ ይቈጠራል፣ ፎቶግራፍ ይነሣል። የተተከለውን በሦስተኛውና በሰባተኛው ዓመት የሚያሳሳ፣ ደረቁን የሚያነሣ፣ የእሳት መከላከያ መስመር የሚጠርግ የወረዳ ሠራተኛ ደመወዝ ግን አይታይም። በተለይ ባሕር ዛፍና የፈረንጅ ጥድ ተጠጋግቶ የተተከለበት ተራራ ያለ ጠባቂ ሲተው ምን እንደሚሆን ለመገመት የካሊፎርኒያን ታሪክ ማስታወስ ይበቃል።

ስለሆነም ሦስት አሳቦችን ለውይይት እናቀርባለን። አንደኛ፣ የመከላከያው ገንዘብ ከአደጋ ጊዜው ገንዘብ በሕግ ተለይቶ ይመደብ፤ በረሃብም ሆነ በእሳት ዓመት አይነካ። ሁለተኛ፣ ለእያንዳንዱ የተከላ ዘመቻ የአሥር ዓመት የጥገና ወጪ አብሮ ይጻፍ፤ ይህ ካልተቻለ የተከላው ቁጥር ይቀነስ። ሦስተኛ፣ ገንዘቡ ከዋና ከተማ ሳይንጠባጠብ በደኑ ዙሪያ ለሚኖሩት ማኅበራት ይድረስ፤ የታቀደ ቃጠሎም በእነርሱ እውቀትና በባለሙያ ቁጥጥር በሕግ ይፈቀድ።

መደምደሚያ

በስደት የምንኖር ምሁራን ስለ አገራችን የምንጽፈው አብዛኛውን ጊዜ እሳቱ ከተነሣ በኋላ ነው። ረሃቡ ሲገባ፣ ጦርነቱ ሲፈነዳ፣ ደኑ ሲነድ ገንዘብ እናዋጣለን፤ ስብሰባ እንጠራለን፤ መግለጫ እናወጣለን። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይህ ነው። ይህን የምንለው ሌላውን ለመንቀፍ አይደለም፤ ይህ መጽሔትም ከዚያው ወቀሳ ነጻ አይደለም።

ከመካከላችን በአሜሪካ የደንና የእሳት መሥሪያ ቤቶች፣ በዩኒቨርሲቲዎችና በበጀት ምክር ቤቶች የሚሠሩ አሉ። ሀብታሙ መንግሥት መቶ ዓመት ፈጅቶ፣ ከተማ ተቃጥሎበት የተማረውን ከቅርብ ያዩ ናቸው። ያንን እውቀት በሰላሙ ቀን፣ ጭስ በማይታይበት ወቅት፣ ለሚመለከተው ሁሉ በአማርኛም በኦሮምኛም ቢያደርሱት፣ ለሚቀጥለው የድርቅ ዓመት ከሄሊኮፕተር የሚበልጥ ስንቅ ይሆናል። ቅጠሉ በእጃችን ነው፤ ጊዜውም ገና አላለፈም።